«ሁለት ስቆጥር አረንጓዴ በራ»፦ የአንዲት ለማጅና የእጅ ፍሬን ጉዳይ

11ኛው ትምህርታችን ነበር። ቀይ መብራት ይዞን ቆምን። መንገዱ ሜዳ ይመስላል። ሲከተለን የነበረ የቤት መኪናም ከኋላችን ተጠግቶ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ በራ።

ሰልጣኟ ቀኝ እግራቸውን ከፍሬን አንስተው ወደ ነዳጅ ወሰዱ። መኪናው ግን ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ደነገጡ። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ እግሩ ወደ ታች ነው የሚጫነው። ግራ እግራቸው ፍሪሲዮኑን ወለል አስነካው፣ ቀኙ ነዳጁን ረገጠው። ሞተሩ ጮኸ። መኪናው ይባስ ብሎ ፈጠነ። ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ከተረገጠ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ጎማው ጋ የሚደርስ ጉልበት የለም። በእኔ በኩል ያለውን ተጨማሪ ፍሬን ረገጥኩና ቆምን።

ወርጄ አየሁ። በእኛና በኋላው መኪና መሀል የቀረው ክፍተት አንድ ክንድ አይሞላም። የተጫረ ነገር የለም፣ የተጎዳ ሰውም የለም። የኋላውን ሹፌር ይቅርታ ጠየቅኩ። መሪውን እኔ ይዤ መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩት።

ይህን ጉዳይ እንዲህ በዝርዝር የምጽፈው ጥፋቱ የኔ ስለነበር ነው። ብዙ አሰልጣኞች ዛሬም የሚያስተምሩት እኔ ያስተማርኩትን ስለሆነም ነው።

ሰልጣኟ 53 ዓመታቸው ነው። መንዳት የጀመሩት ዘግይተው ነው፣ ግን በሙሉ ልብ ነው የጀመሩት። ማስታወሻ ደብተር ይይዛሉ። የነገርኳቸውን ሁሉ ማታ ቤታቸው ገብተው ይጽፉታል። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ዳር እንደቆምን «ምን ሆኑ?» አልኳቸው። የጠበቅኩት መልስ ስለ ፍሪሲዮን ነበር። ወደ ኋላ የሸሸ ለማጅ ሁሉ ችግሩ ፍሪሲዮን ነው ብዬ ነበር የማስበው።

«እየቆጠርኩ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ሁለት ስቆጥር አረንጓዴ በራ።»

ትንሽ ዝም አልኩ። ምን እንደሚሉ ገባኝ። በመጀመሪያው ሳምንት «ከ3 ሰከንድ በላይ የሚቆሙ ከሆነ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፤ ከዚያ ካነሰ በእግር ፍሬን ይያዙት» ብያቸው ነበር። ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል። አስምረውበታልም። ቀይ መብራቱ ላይ ሲቆሙ እንዳልኳቸው መቁጠር ጀመሩ። ሦስት ላይ አልደረሱም። ስለዚህ አልሳቡም። ደንቡን አልጣሱም። ደንቡን ጠብቀው ነው ወደ ኋላ የሸሹት።

ያን ቀን ትምህርቱን እዚያው አቆምን። በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። መንገዱን ለዓመታት አውቀዋለሁ፣ ሜዳ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ስልኬ ላይ ባለው ውሃ ልክ ስለካው 3 ዲግሪ ገደማ ወጣ። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። በዓይን አይታይም። በእግር ለሚሄድ ሰው ዳገት አይባልም።

መኪናው ግን ያውቀዋል። እኛ ሁለታችን ተቀምጠንበት ወደ 1,300 ኪሎ ይመዝናል። 3 ዲግሪ ላይ ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል ከ68 ኪሎ ክብደት ጋር ይስተካከላል። አንድ ሙሉ ሰው የኋላ መከላከያው ላይ ተንጠልጥሎ እየጎተተ ነው በሉት። የጎማውን ሰበቃ ቀንሼ ሳሰላው፣ ማንም ካልያዘው በመጀመሪያው ሰከንድ 20 ሳንቲሜትር ያህል ይሸሻል። ሁለተኛው ሰከንድ ሲያልቅ 80 ሳንቲሜትር ይሞላል። ሦስተኛው ሲያልቅ ወደ 1.8 ሜትር ይጠጋል።

እዚህ ቁጥር ላይ ቆም እንበል። ልምድ ያለው ሹፌር እግሩን ከፍሬን ወደ ነዳጅ ለማዞር ግማሽ ሰከንድ ይበቃዋል። በግማሽ ሰከንድ መኪናው የሚሸሸው 5 ሳንቲሜትር ነው። አይሰማውም። ደግሞ ብዙ ጊዜ እግሩ ከፍሬን ከመነሳቱ በፊት ፍሪሲዮኑን ወደሚይዝበት ቦታ አድርሶታል። ስለዚህ መንገዱ ሜዳ ይመስለዋል። እግሩ ዳገቱን እየሸፈነለት ነው። ለማጅ ግን እግሩን ያነሳል፣ ነዳጁን ይፈልጋል፣ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ትንሽ ይሳሳታል፣ እንደገና ይሞክራል። 3 ሰከንድ በቀላሉ ያልፋል። እኔ ሜዳ ያልኩት መንገድ ለሳቸው 1.8 ሜትር ወደ ኋላ የሚወስድ መንገድ ነበር።

የ3 ሰከንዱ ደንብ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሚቆጥረው ቆመህ የምታሳልፈውን ጊዜ ነው። መኪናው የሚሸሸው ግን ቆመህ ሳለህ አይደለም፣ ስትነሳ ነው። 1 ሰከንድም ቁም፣ 1 ደቂቃም ቁም፣ ዳገቱ ያው ዳገት ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ስህተት መጣ

ከዚያ ቀን በኋላ ሰልጣኟ የእጅ ፍሬኑን የትም መሳብ ጀመሩ። መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ አደባባይ መግቢያ ላይ፣ እግረኛ ለማሳለፍ አንድ አፍታ ሲቆሙ፣ ፍጹም ሜዳ ላይ። አልከለከልኳቸውም። ደህንነት ነው ብዬ ተውኩት። ይህም ሁለተኛው ስህተቴ ነበር።

አደባባይ መግቢያ ላይ ነገሩ ፈጦ ወጣ። ክፍተት ይመጣል። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ እጀታው ዝቅ ያደርጋሉ፣ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ያወርዳሉ፣ ቀና ሲሉ ክፍተቱ አልፏል። እንደገና ይስባሉ። ከኋላ ጥሩምባ ይጀምራል። ጥሩምባው ያስቸኩላቸዋል። አንድ ጊዜ ተቸኩለው ሲነሱ የእጅ ፍሬኑን በግማሽ ብቻ አውርደውት ነበር። መኪናው ከበደ፣ ነዳጅ ጨመሩለት። እኔም ሌላ መኪና እያየሁ ስለነበር የዳሽቦርዱን ቀይ መብራት ያየሁት ትንሽ ከሄድን በኋላ ነው። በክብ ውስጥ ያለችው ቃለ አጋኖ በርታ ነበር። የፍሬን ሸራ ሽታ እስኪመጣ ድረስ አልደረስንም፤ ግን እንዲህ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ሸራውን ያግለዋል፣ ይጨርሰዋልም።

ሌላም ጊዜ መኪናው ገና ሳይቆም ሳቡት። ፍጥነቱ ትንሽ ስለነበር ነቅነቅ ብለን ብቻ አለፈ። በአብዛኞቹ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። በፍጥነት ላይ፣ በተለይ እርጥብ መንገድ ላይ ከተሳበ፣ የኋላ ጎማዎቹ ይቆለፉና የመኪናው ጀርባ ይንሸራተታል። የእጅ ፍሬን የቆመን መኪና ለመያዝ ነው የተሠራው። የሚሄደውን የሚያቆመው የእግር ፍሬን ነው፤ እሱ አራቱንም ጎማ ይይዛል።

«ለምን ሁሉም ቦታ ይስቡታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁለት መልስ ሰጡኝ። አንደኛው የጠበቅኩት ነበር፤ «ፈራሁ» አሉ። ሁለተኛውን አልጠበቅኩትም። «ደግሞ የሚይዝ አይመስለኝም። ወደ ላይ ብዙ ነው የሚመጣው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። መኪናውን ሳገኘው የእጅ ፍሬኑ 5 ጊዜ ጠቅ ብሎ ይይዝ ነበር። አሁን ስቆጥረው 9 ደረሰ። ቀስ በቀስ ስለሆነ አላስተዋልኩም። መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት፤ ካቦው ላልቶ ነበር፣ አጠበቀው። እጀታው ከድሮው ከፍ ብሎ መምጣት ከጀመረ መኪናው እየነገረህ ነው። ለማጅ የማያምነውን ነገር በትክክል መጠቀም አይችልም። ደህና የተያዘ የእጅ ፍሬን ምን ያህል ኃይል እንዳለው ነገርኳቸው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የቤት መኪና የፍሬን ደንብ፣ ቁጥር 13-ኤች፣ የማቆሚያ ፍሬን ሙሉ ጭነት የያዘን መኪና 20 በመቶ ተዳፋት ላይ፣ ሽቅብም ቁልቁልም፣ አቁሞ እንዲይዝ ያስገድዳል። እኛ የሸሸንበት መንገድ 5 በመቶ ነው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ቁጥር የሚወዱ ሰው ናቸው።

ባዶው ዳገት ላይ

ከዚያ ሰውም መኪናም ወደማያልፍበት አንድ ዳገት ወሰድኳቸው። ከኋላችን ረጅም ባዶ ቦታ ነበር። ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር መሸሽን መልመድ ነው። ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ የእግር ፍሬኑን እንዲለቁትና አንድ ሁለት ቆጥረው እንደገና እንዲይዙ ጠየቅኳቸው። አልፈለጉም። ግን ሞከሩ። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋገምነው። መኪናው ሲሸሽ ምን እንደሚመስል ሰውነታቸው አወቀ። ፍሬን ሲረግጡ እንደሚቆምም አወቀ። ድንጋጤው ያኔ ረገበ። ይህን ልምምድ ከማንኛውም የፍሪሲዮን ትምህርት በፊት ማስቀደም አለብን ብዬ አምናለሁ። ሲሸሽ መልሶ መያዝ የማያውቅ ሰው ሁሌም ይፈራል፣ የፈራ ሰው ደግሞ እንደ ያን ቀኑ ፍሪሲዮን ይረግጣል።

ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን ሳብን። እግራቸው ከፍሬን ላይ ነፃ ሆነ። የሰጠኋቸው ሥራ ቀላል ነው፦ አንደኛ ማርሽ፣ ትንሽ ነዳጅ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ማንሳት። እጀታውን አይነኩም። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል፣ የመኪናው አፍንጫ ከፍ፣ ጀርባው ዝቅ ሲል እግራቸውን እዚያ ላይ ያቆማሉ። ፍሪሲዮኑ ይዟል ማለት ነው። መልሰው ይረግጡታል፣ እንደገና ያነሱታል። ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ፍሪሲዮኑን እንዳናቃጥለው። እጀታውን እንዲያወርዱ የፈቀድኩላቸው አፍንጫው ከፍ ማለቱን እሳቸው ራሳቸው ከነገሩኝ በኋላ ነው። አወረዱት። መኪናው አንድ ጣት እንኳ ሳይሸሽ ወጣ።

እጀታው ሲሳብም ሲወርድም አውራ ጣት ቁልፉ ላይ ነው፤ ሳይጫኑት ቢስቡት ይሠራል፣ ግን የእጀታውን ጥርስ ይበላዋል ይላሉ መካኒኮች። ዓይንም መንገድ ላይ። እጅ ቦታውን ራሱ ያገኘዋል።

ቀረ የምንለው ጥያቄ ትልቁ ነበር፦ መቼ መሳብ፣ መቼ አለመሳብ? ሰከንድ መቁጠሩን ከደብተራቸው አሰረዝኳቸው። በቦታው አንድ ጥያቄ ጻፍን። «አሁን እግሬን ከፍሬን ባነሳ መኪናው ወዴት ይሄዳል?» ወደ ኋላ ከሆነ ሳቡት፣ ጊዜው የፈለገውን ያህል አጭር ይሁን። የትም የማይሄድ ከሆነና ወዲያው የምትነሱ ከሆነ እግራችሁ ይበቃል። ቁልቁለት ከሆነ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ለመነሳት የእጅ ፍሬን አያስፈልግም፣ ፍሬኑን መልቀቅ ብቻ ነው። ረጅም ጥበቃ ከሆነ ግን ሜዳም ይሁን ቁልቁለት ሳቡትና ማርሹን ፎሌ አድርጋችሁ ሁለቱንም እግር አሳርፉ። ፍሪሲዮን ረግጦ ለረጅም ጊዜ መቆየት እግር ያደክማል፣ የፍሪሲዮኑንም ኩሺኔታ ይጎዳል። በፍሪሲዮንና በነዳጅ ዳገት ላይ ተንጠልጥሎ መጠበቅ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ያነደዋል።

«ሜዳ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አንተ ራስህ ሜዳ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዓይን እንደሚያታልል አይተናል። መልሱን ያገኙት እሳቸው ናቸው፣ ከሁለት ትምህርት በኋላ። «ሲቆም ይነግረኛል» አሉ። ዳገት ላይ መኪናው ብዙ ፍሬን ሳይጠይቅ ራሱ ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ወደ ታች ይጎትታል፣ እግርም ጠንከር ብሎ መጫን አለበት። ሜዳ ላይ እንደወትሮው ነው። ከመቆማችን በፊት ባሉት የመጨረሻ ሜትሮች እግራችን ዳገቱን ለክቶ ጨርሷል። እኔ ይህን ለዓመታት ሳደርገው ኖሬ በቃል አውጥቼው አላውቅም ነበር።

የማታው ትምህርት

ሌላው የእጅ ፍሬን ጥቅም የተገለጠው በምሽት ነው። ረጅም ሰልፍ ውስጥ ቆመን ነበር። የፊተኛው ሹፌር ፍሬን ረግጦ ነው የሚጠብቀው። የፍሬኑ ቀይ መብራት በቀጥታ ፊታችን ላይ ያርፋል። ሰልጣኟ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ይሄ መብራት ወጋኝ» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው «የኔም ከኋላ ያለውን እየወጋው ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። አዎ። የፍሬን መብራት የሚበራው በእግር ፍሬን ነው። የእጅ ፍሬን አያበራውም። እጀታውን ሳቡ፣ እግራቸውን አነሱ። ከኋላችን ያለው መኪና ፊት ላይ ያረፈው ቀይ ብርሃን ሲጠፋ በስፖኪዮ አዩት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቅደም ተከተል አለ፣ እሱን ሳይነግሩ ማለፍ አደገኛ ነው። ከኋላ ገና ማንም ካልቆመ እግር ከፍሬን አይነሳም። ያ ቀይ መብራት ለሚመጣው ሹፌር «እዚህ የቆመ አለ» የሚል ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ስፖኪዮ ማየት፣ የኋላው ሲቆም እጀታ መሳብ፣ ከዚያ እግር ማንሳት። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ፣ «ሀይዌይ ኮድ» የሚባለው፣ ደንብ 114 ላይ የሚለው ይህንኑ ነው፦ በቆመ ሰልፍ ውስጥ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የሚከተለው ትራፊክ ከቆመ በኋላም እግር ከፍሬን ይነሳ።

ሰልፍ ውስጥ ሌላም ምክንያት አለ። ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገጨን የመጀመሪያው ነገር ከፍሬን የሚወጣው እግር ነው። እጀታው ከተሳበ መኪናው ቢያንስ በኋላ ጎማዎቹ እንደተያዘ ይቀራል። ፊት ለፊት ዜብራ ላይ ሰው እየተሻገረ ከሆነ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በዚህ ምክንያት ዜብራ ፊት ላይ ሰው ሲበዛ፣ በተለይ ሕፃናትና አረጋውያን ሲያልፉ፣ ሜዳም ቢሆን ሳቡት እላለሁ። «ወዲያው የምትነሱ ከሆነ» ካልኩት የማወጣው እሱን ብቻ ነው።

ሰልጣኟ ፈቃድ ካወጡ በኋላ የሚነዱት የልጃቸውን መኪና ነው፣ እሱ ደግሞ አውቶማቲክ ነው። ስለሱም ተነጋገርን። አውቶማቲክ በዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ ሳለ ራሱ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መሳብ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ትንሽ ዳገት ላይ ብዙ ጊዜ አይሸሽም። ዳገቱ ሲጠነክር ግን እሱም ይሸሻል። መብራት ላይ ፒ (ማቆሚያው) ውስጥ መክተትን አልመክርም። ፒ ማርሹን የሚቆልፈው በአንዲት ትንሽ ብረት ነው፤ ከኋላ ብንገጭ ጫናው እሷ ላይ ያርፋል። ከፒ ወደ ዲ ስንመለስም በኋላ ማርሽ በኩል ስለምናልፍ የኋላ ማርሽ መብራታችን ብልጭ ብሎ የኋላውን ሹፌር ያስደነግጠዋል። ረጅም ጥበቃ ከሆነ የእጅ ፍሬንና ኤን (ፎሌው) ይበቃሉ። ዳገት ላይ መኪናውን አቁመው ሲወርዱ ደግሞ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ የእግር ፍሬኑ ትንሽ ለቀቅ ተደርጎ ክብደቱ በእጅ ፍሬኑ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፣ ከዚያ ነው ፒ የሚገባው።

የልጃቸው መኪና ዳገት ላይ ራሱ የሚይዝ ሲስተም አለው። ጥሩ ነገር ነው። ግን አብዛኞቹ እግር ከፍሬን ከተነሳ በኋላ የሚይዙት ወደ 2 ሰከንድ ለሚጠጋ ጊዜ ብቻ ነው። ለሠለጠነ እግር ይበቃል። ለማጅ ግን በዚህ ተማምኖ መጀመር የለበትም፣ ከ2 ሰከንድ በኋላ ምን እንደሚሆን አሁን እናውቃለን።

በመጨረሻው ትምህርታችን ሆን ብዬ በዚያው መንገድ ወሰድኳቸው። ምንም አልነገርኳቸውም። ያው መብራት ቀይ ሆነ። መስመሩ ላይ ቆሙ። ስፖኪዮ አዩ። ከኋላ አንድ ሚኒባስ መጥቶ ተጠግቶ ቆመ። እጃቸው ወደ እጀታው ሄደ፣ ሳቡት። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። ወዲያው አረንጓዴ በራ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፣ አፍንጫው ከፍ አለ፣ እጀታው ወረደ። ሄድን።

ትንሽ ወደ ፊት ሌላ መብራት አለ። እዚያም ቀይ ያዘን። ቆሙ። እጃቸው መሪው ላይ ቀረ፣ እግራቸው ፍሬን ላይ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ይኼኛው አይሸሽም» አሉኝ።